ትንሹ ተሳቢ፦ ስለ መንገድ ቤት አሠራርና በፒስታ መንገድ ስለ መጎተቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)






 ከእኔ በፊት ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ የተናገሩት ጓደኞቼ ጆሯችሁን በጣፈጠ ቃል ሞልተውታል። እኔ ግን ይዤ የቀረብሁት ነገር ብረት፣ እንጨትና ጎማ ነው። ወደ አዳራሹ ስትገቡ በእንጨት ሥራው ክፍል ደጅ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጀርባው እንደ ዔሊ የጐበጠ፣ ሁለት ጎማ ያለው አንድ ትንሽ ነገር ቆሞ አይታችሁ ይሆናል። አንዲት እናት ልጃቸውን፣ «ትምህርት ቤቱ ዶሮ ማርባት ጀመረ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ነገሩ የዶሮ ቤት አይደለም፤ ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ በኋላው በኩል ወጥ ቤት ያለው፣ በመኪና የሚጎተት የመንገድ ቤት ነው። ሾፌሮች በጭነት መኪና ኋላ የሚታሰረውን «ተሳቢ» እንደሚሉት ሁሉ፣ እኛም ይህን «ትንሹ ተሳቢ» ብለን ሰይመነዋል።

የንግግሬ ዓላማ ይህ ተሳቢ እንዴት እንደ ተሠራና በመጥፎ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚጎተት ለመግለጽ ነው። ከዚሁም ጋር አንድ የራሴን ጥፋት በፊታችሁ እናገራለሁ። ጥፋቴን ደብቄ የተማርሁትን ብቻ ብናገር ግማሽ እውነት ይሆንብኛልና።

የተሳቢው ታሪክ

ለመንገደኛ ድንኳን እጅግ ጥሩ ነገር እንደ ሆነ ማንም አይክድም። አባቶቻችን ነገሥታት ከነሠራዊታቸው ዓመታትን በድንኳን አሳልፈዋል። ነገር ግን በዝናም ጊዜ ድንኳን የተከለ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም መሬቱ ርሶ፣ ካስማው አልይዝ ብሎ፣ ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ሲታይ የሚሰማው ምሬት ነው። ይህን ምሬት ከቀመሱት አንዱ ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. ተወልዶ በ1962 ዓ.ም. ያረፈ ነው። በመጀመሪያ በአንድ የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ሻንሲ ላይ ድንኳን ሠራ። ይህም በየማደሪያው መተከልና መነቀል ስላለበት፣ በተለይም በዝናም ጊዜ፣ አድካሚ ሆነበት። ስለዚህ ድንኳኑን ትቶ በእንባ ጠብታ መልክ የተሠራ ጠንካራ መጠለያ በሻንሲው ላይ አቆመ፤ የምግብ ማቀዝቀዣ የበረዶ ሣጥንና የላምባ ምድጃም ጨመረበት። በ1931 ዓ.ም. ኤርስትሪም የተባለውን የተሳቢ ፋብሪካ የመሠረተው ይኸው ሰው ነው።

በእንባ ጠብታ መልክ የሚሠራው ትንሽ ተሳቢ በአሜሪካ በ1930ዎቹ ዓመታት ታወቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ሰዎች ከመጽሔት ላይ ፕላን እየቀዱ በየቤታቸው ጓሮ ይሠሩት ጀመር። የተለመደው ልክ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ22 ነው። ይህ ልክ ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም፤ ኮምፔንሳቶ፣ ማለት በስስ በስሱ ተደራርቦ የተጣበቀው የእንጨት ሰሌዳ፣ ከፋብሪካ የሚወጣው በዚህ ልክ ስለ ሆነ ነው። ሠሪው አንዱን ሰሌዳ ሳይቈርጥ ወለል ያደርገዋል። ሁለት ሰው በቁመቱ ይተኛበታል። በኋላ በኩል ያለው ክዳን ወደ ላይ ሲከፈት ጥላ ይሆናል፤ ከሥሩም ምድጃ፣ ድስትና ሳህን ይገኛሉ።

እኛ እንዴት ሠራነው

እኛ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ይህን ሥራ የጀመርነው ለወፎች ጥናት ወደ ሐይቆቹ አገር ስንሄድ ዕቃችን ሁሉ በአቧራና በዝናም ስለሚበላሽብን ነበር። ለሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርተናል።

አንደኛ፣ ሻንሲው። መሠረቱ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው። ከፊት የሚወጣው መጎተቻ ክንድ ሁለት ብረት ሆኖ በ«ለ» ፊደል መልክ ጫፉ ላይ ይገናኛል። መምህራችን አጥብቀው የነገሩን ነገር ቢኖር፣ እነዚህ ሁለት ብረቶች በሻንሲው ፊት ላይ ተበይደው እንዳይቀሩ፣ ነገር ግን ከሥሩ ዘልቀው እስከ ባሌስትራው ድረስ እንዲደርሱ ነው። ክንዱ ሻንሲውን በሚነካበት ቦታ ላይ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፈዋልና፣ የሚሰበር ከሆነ የሚሰበረው እዚያ ነው። ደግሞም ብየዳው በብረቱ ርዝመት እንጂ በታችኛው ጠርዝ ላይ በአግድም እንዳይሄድ አስጠንቅቀውናል፤ በአግድም የሄደ ብየዳ ለስንጥቅ በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፣ ጎማና ባሌስትራ። የተሳቢው ጎማና ቸርኬ ከሚጎትተው መኪና ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትም ከመኪናው ጋር እኩል እንዲሆን አደረግን። ለዚህ ሁለት ጥቅም አለው። አንድ ስኮርታ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሁለተኛም በጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ የተሳቢው ጎማ መኪናው በረገጠው ዱካ ውስጥ ይሄዳል እንጂ የራሱን አዲስ ቦይ አይቈፍርም። አውስትራልያ ውስጥ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የጊብ ሪቨርን የመሰለ የጠጠር መንገድ በተሳቢ የሚሄዱ ሰዎች ይህን ምክር አዘውትረው ይሰጣሉ።

ሦስተኛ፣ ሣጥኑ። ጎኑና ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጣራው በቀጭን የአሉሚንየም ላሜራ ተሸፍኗል። ክብደት የሚገባውን ቦታ ብቻ እንዲይዝ ተጠንቅቀናል። ከመጠን በላይ የጠነከረ ተሳቢ ከመጠን በላይ ይከብዳል፤ የከበደ ተሳቢም መልሶ ራሱን ይሰብራል። ባዶውን ስንመዝነው 240 ኪሎ ሆነ።

አራተኛ፣ ጋንቾው። ከመኪናው ኋላ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ኳስ አለ፤ የተሳቢው ጫፍ ደግሞ እንደ ጽዋ ሆኖ ይገጥምበታል። ከዚህ በላይ ሁለት ሰንሰለቶች ከክንዱ ሥር ተመሳቅለው ይታሰራሉ። ጋንቾው ቢከዳ ክንዱ መሬት ላይ ከመሰካት ይልቅ በሰንሰለቶቹ መስቀል ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያው ጉዞና ጥፋቴ

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ደረስሁ። ባለፈው ዓመት የግማሽ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ጉዞ አደረግን። መኪናው የአጎቴ ነበር፤ የሚነዱትም እሳቸው ነበሩ። እኛ አራት ተማሪዎች በመኪናው ውስጥ ተቀመጥን። በሚጎተት ተሳቢ ውስጥ ሰው እንዳይቀመጥ ከመጀመሪያ ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ጭነቱን እንዳደላድል የተሾምሁት እኔ ነበርሁ። ውሃ የያዙ ሦስት ጀሪካኖች ነበሩን፤ እያንዳንዳቸው 20 ሊትር ይይዛሉ። እኔም ወጥ ስንሠራ ውሃው በቅርብ እንዲገኝ ብዬ ከወጥ ቤቱ ኋላ በውጭ ባለው የብረት መደርደሪያ ላይ ሦስቱንም አሰርኋቸው። ከመካከላችን ታናሽ የሆነው፣ ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጅ፣ ተሳቢውን ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ጋሪ ኋላው ከብዷል፤ ፈረሱን ያንቀዋል» አለኝ። አባቱ በከተማችን ጋሪ ነጂ ናቸው። እኔም ሳቅሁና፣ «ይህ በፈረስ የሚጎተት አይደለም፤ በመኪና ነው» አልሁት። ሌሎቹም ሳቁ። እርሱም ዝም አለ።

ከተማውን ወጥተን አስፋልቱ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እስክንሄድ ድረስ ምንም አልተሰማንም። አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍጥነታችን ወደ 80 ሲጠጋ መኪናው ኋላውን አንድ ሰው ይዞ የሚወዘውዘው ይመስል ጀመር። ዞር ብዬ በመስኮት ባይ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ ይማታል። እያንዳንዱ ምት ከፊተኛው ይሰፋ ነበር። ከፊት ለፊታችን አንድ የጭነት መኪና ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ የተሳቢያችን ጎን የመንገዱን መካከለኛ መሥመር አልፎ ወደ እርሱ በኩል ገባ። የጭነት መኪናው ሾፌር ጡሩንባውን እየነፋ ከአስፋልቱ ወጥቶ በአፈሩ ላይ አለፈ። አጎቴ ፍሬን አልረገጡም፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘው እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርገው አነሡ። ተሳቢውም ጥቂት በጥቂት ጸጥ አለ። ዳር ይዘን ስንቆም ማንም ሰው አልተናገረም። የሁላችንም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጎቴ ወርደው፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያን ጊዜ ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግን፣ «ክንዱ የተበየደው በደንብ አይደለም፤ ላልቷል» አልሁ። ክንዱን የበየደው የክፍል ጓደኛዬ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ ራሱን ሊከላከል አይችልም ነበር። ዝግ ብለን ወደ ቤታችን ተመለስን፤ ወሬውም በትምህርት ቤቱ ተሰማ። ጓደኛዬ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የጥንቱን ብየዳ ፍቆ አንሥቶ እንደ ገና በየደው። ለምን እንደሚደክም አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ዝም አልሁ።

ጋሪ ነጂው ያስተማሩን

እውነቱን ያወጡት የዚያ ልጅ አባት ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ሳለ ተሳቢውን አዩትና ሣቅ አሉ። ከዚያም ወደ ጋሪያቸው ወስደው አሳዩን። ጋሪ ሁለት ጎማ አለው፤ ከፊቱም ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በፈረሱ ግራና ቀኝ ያልፋሉ። ሰው ሁሉ ከኋላ ሲቀመጥ እንጨቶቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያልፈው ጠፍርም ወደ ላይ ይስበውና ፈረሱ መሬቱን በደንብ አይረግጥም። ሰው ሁሉ ከፊት ሲቀመጥ ደግሞ ሸክሙ በፈረሱ ጀርባ ላይ ይወድቃል። «ስለዚህ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ተሳፋሪው ሲወጣ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ የምንለው ለጨዋታ አይደለም። እንጨቱ በፈረሱ ላይ ጥቂት ብቻ መጫን አለበት፤ መነሣት ግን ፈጽሞ የለበትም»።

መምህራችን ይህን ሲሰሙ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በቁጥር ጻፉት። ውድ ጓደኞቼ፣ በፊዚክስ ክፍል ስለ ሚዛን ክንድ የተማርነው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከጋንቾው እስከ ጎማው መካከል 2 ሜትር ተኩል ነው። አንድን ዕቃ ከጎማው ወደ ፊት ስናስቀምጠው በጋንቾው ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ወደ ኋላ ስናስቀምጠው ይቀንሳል። ልኩ የሚገኘው የዕቃውን ክብደት ከጎማው ባለው ርቀት አባዝቶ በ2 ሜትር ተኩል በማካፈል ነው።

ባዶው ተሳቢ በጋንቾው ላይ የሚጥለው 30 ኪሎ ነው። የወጥ ቤቱ ዕቃ 40 ኪሎ ሆኖ ከጎማው 75 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስለ ሆነ 12 ኪሎ ይቀንሳል። መኝታውና ደረቁ ስንቅ 60 ኪሎ ሆኖ ልክ በጎማው ላይ ስለ ሆነ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የቀረው ውሃው ነው። የጀሪካኖቹን የራሳቸውን ክብደት ብንተወው ውሃው 60 ኪሎ ነው። እኔ ያሰርሁት ከጎማው 1 ሜትር ከ25 ወደ ኋላ ነበር፤ ስለዚህ 30 ኪሎ ቀነሰ። ሠላሳው ከሠላሳ ሲነሣ ምንም አልቀረም፤ የወጥ ቤቱ 12 ኪሎ ደግሞ ከምንም በታች ወረደ። እንግዲህ ተሳቢያችን ጋንቾውን ወደ ታች መጫኑ ቀርቶ በ12 ኪሎ ኀይል ወደ ላይ ያነሣው ነበር ማለት ነው።

ያንኑ ውሃ ከጎማው 1 ሜትር ከ25 ወደ ፊት ብናስቀምጠው ኖሮ 30 ኪሎ ይጨምር ነበር፤ በጋንቾው ላይም 48 ኪሎ ያርፍ ነበር። ጠቅላላው የተሳቢው ክብደት 400 ኪሎ ስለ ሆነ 48 ኪሎ ከመቶ 12 እጅ ነው። አዋቂዎች እንደሚመክሩት በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ መሆን ይገባዋል። ከዚህ ሲያንስ ተሳቢው ይማታል። ከዚህ ሲበዛ የመኪናው ኋላ ይሰምጥና የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ መሪውም በደንብ አይታዘዝም።

ልብ በሉ! በሁለቱም ጊዜ ክብደቱ ያው 400 ኪሎ ነው። አንዲት ጠብታ አልተጨመረም፣ አንዲት ጠብታም አልፈሰሰም። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ስለዚህ ለተሳቢ «ምን ያህል ጫንህ?» ብቻ ሳይሆን «የት ጫንህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያሻም። ተሳቢውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ሰው የሚመዘንበትን ተራ ሚዛን ከጋንቾው ሥር አድርጎ፣ በመካከሉ ልኩን የጠበቀ ጕማጅ እንጨት አቁሞ ማንበብ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። እኛ ያን ቀን ጭነቱን እንደ መጀመሪያው አድርገን ልንመዝነው ስንሞክር፣ እንጨቱን ከመጫን ይልቅ ክንዱ ወደ ሰማይ ተነሣ። በዚያ የነበሩት ሁሉ ያዩትን ስላዩ ከዚህ በኋላ ስለ ብየዳ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ነገር ግን፣ ክቡራንና ክቡራት፣ ሚዛኑ ተናገረ እንጂ እኔ አልተናገርሁም። ጓደኛዬን ብቻውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም ምሮኛል። ሆኖም ስሙን ያነሣሁት በሰው ሁሉ ፊት ስለ ነበር፣ ንጽሕናውንም በሰው ሁሉ ፊት መናገር ይገባኛል። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ክንዱን የበየደው በደንብ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝም ልጅ ሲነግረኝ ልሰማው ሲገባኝ ሳቅሁበት።

ስለ መጥፎ መንገድ

ከዚያ ወዲህ ተሳቢው ሦስት ጊዜ ወደ ሐይቁ ሄዶ በደኅና ተመልሷል፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ በፒስታ መንገድም ብዙ ተጉዟል። ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ ልዘርዝር።

ፒስታ መንገድ ብዙ መኪና ሲመላለስበት ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። በዚህ ላይ የሚሄድ ተሳቢ በየሽንሽኑ ይመታል፤ የማያቋርጥ ትንሽ ምት ደግሞ ከአንድ ትልቅ ጕድጓድ ይልቅ ይጎዳል። ቡሎን ይፈታል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ ቪት ከእንጨት ይወጣል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ቆሞ እያንዳንዱን ዳዶ በቁልፍ መሞከር፣ በኋላም በየዕረፍቱ መድገም ያስፈልጋል። እኛ በዳዶውና በብረቱ ላይ አንድ ነጭ የቀለም መሥመር እንሠራለን፤ መሥመሩ ከተዛባ ዳዶው እንደ ዞረ በዓይን ይታያል።

የጎማ ነፋስ ለአስፋልት ሞልቶ ለጠጠር ጥቂት ማጕደል ይገባል። የላላ ጎማ ምቱን ራሱ ይቀበላል፤ የተነፋ ጎማ ግን ምቱን ለባሌስትራው፣ ባሌስትራውም ለሻንሲው ያሳልፋል። ነገር ግን ነፋስ የቀነሰ ሰው ፍጥነቱንም መቀነስ አለበት፤ አስፋልት ሲደርስም መሙላት አለበት። ያለዚያ ጎማው ግሎ ይፈነዳል።

ኩሽኔታዎቹን መዳሰስ ያስፈልጋል። በየዕረፍቱ እጅን በጎማው መካከል ባለው ብረት ላይ ማስጠጋት ነው። ሞቅ ማለቱ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ግራሶ አንሶታል ወይም ከመጠን በላይ ጠብቋል። ወንዝ ከመሻገር በፊትም ጥቂት አርፎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ይገባል፤ የጋለ ብረት ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶውም ይበላሻል።

በቁልቁለት ላይ ተሳቢው መኪናውን ይገፋል፤ ያን ጊዜ በእውነት ጋሪው ፈረሱን ሊቀድም ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ከላይ ሳሉ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኀይል እየያዙ መውረድ ይሻላል። በአውሮፓ ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ የተወሰነው የመኪናው ፍሬን የሁለቱንም ክብደት ስለሚሸከም ነው።

በመታጠፊያ ላይ የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጎማ ይልቅ ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጎ መዞር ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል። አጎቴ ያስተማሩኝ ዘዴ ይህ ነው፦ እጅን በመሪው ታችኛ ክፍል ላይ ማድረግ፤ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ተሳቢውም ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ። ትንሽ ተሳቢ ከትልቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚታጠፍ ዝግ ማለት ያስፈልጋል። ቢታጠፍም ማፈር አይገባም፤ ወደ ፊት ጥቂት ሄዶ እንደ ገና መጀመር ነው።

በአገራችን ያለፉት ተሳቢዎች

ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ዋሊ ባያም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. 41 የኤርስትሪም ተሳቢዎችን መርቶ ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን ተነሣ፤ በ1960 ዓ.ም.ም ግብፅ፣ ካይሮ ደረሰ። ይህ የተሳቢ ሠልፍ በአገራችንም አልፏል። ከኬንያ በደቡብ በኩል ገብተው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ያገኙት መንገድ በጉዟቸው ሁሉ ካገኙት እጅግ የከፋ ነበር። አዲስ አበባ ሲደርሱም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል።

እነዚያ ተሳቢዎች ከእኛው ጋር ሲወዳደሩ እንደ ቤተ መንግሥት ነበሩ፤ ያብረቀርቅ የነበረው የአሉሚንየም ገላቸው እንደ አውሮፕላን የተሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ጭቃው የቤተ መንግሥቱንና የጎጆውን ጎማ አይለይም። ትልቁ ተሳቢ የሚያስተኛውን ሰው ትንሹ አያስተኛም፤ ነገር ግን ትንሹ ሲሰምጥ አራት ተማሪዎች ከመኪናው ፈተው በእጃቸው ገፍተው ያወጡታል። እኛም በሁለተኛው ጉዟችን አንድ ቦይ ውስጥ ይህንኑ አድርገናል። የአቅምን ያህል መሥራት ማነስ እንዳልሆነ ያን ቀን አየሁ።

መደምደሚያ

ክቡራን ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሳቸው በግራሶ ተበላሽቶ ሲመጡ ብዙ ታግሣችኋል። ስለዚህ ትዕግሥት እናመሰግናችኋለን። ከዚህ ሥራ ያገኘነው አንድ ተሳቢ ብቻ አይደለም። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ያለውና ጋሪ ነጂ በየቀኑ የሚሠራበት ዕውቀት አንድ መሆኑን አይተናል፤ የተማረ ሰው ሁለተኛውን ሲንቅ የመጀመሪያውንም ገና እንዳልተማረ እኔ በራሴ ላይ አይቻለሁ።

በእኔ የክፍል ጓደኞች ዘንድ ይህ የመጨረሻው ዓመት ነው፤ ተሳቢው ግን በትምህርት ቤቱ ይቀራል። የክበቡ አባላት ተስማምተው ቁልፉንና ሚዛኑን ያን ጊዜ ላስጠነቀቀኝ ልጅ አስረክበነዋል። አሁን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እርሱ ሚዛኑን አንብቦ ቁጥሩን በመዝገብ ሳይጽፍ መምህርም ቢሆን፣ አጎቴም ቢሆኑ፣ ማንም ሰው ተሳቢውን ከግቢ ማውጣት አይችልም። በኋለኛው ክዳን ላይም ብየዳውን የሠራው ጓደኛዬ በነጭ ቀለም ሦስት ቃል ጽፎበታል። ከአዳራሹ ስትወጡ ቀረብ ብላችሁ ታነቡት ዘንድ እለምናለሁ፦

«ሚዛን ሳያየው አይጎተት»።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር፤ የሚወጡበትም የሚገቡበትም መንገድ ደኅና ይሁን።